ማንጉን ማን ሰየመው?

ማንጉ የዶሚኒካን ሪፑብሊክ ሰው ቁርስ ነው። እኛ አሠራሩን የተማርነው በሳንቶ ዶሚንጎ ተከራይተን ከነበረበት ቤት እመቤት ዘንድ ነው። ፕላታኖ የሚባለው ትልቁ አረንጓዴ ሙዝ እንደኛ አገር ሙዝ በእጅ አይላጥም፤ ልጣጩን በቢላዋ ቁመቱን ሰንጥቆ በአውራ ጣት ማላቀቅ ነው፤ ወተቱም እጅ ያጠቁራል። በጨው ውሃ ይቀቀልና ገና ሲያቃጥል ከቅቤና ከመቀቀያው ውሃ ጋር ይደቆሳል። ከቀዘቀዘ አይለዝብም፤ እመቤቲቱ በዚህ ነገር ምሕረት አልነበራቸውም። በላዩ በአቼቶ የለሰለሰ ቀይ ሽንኩርት ይደረግበታል። ገንፎ እየበላን ላደግነው ለእኛ ነገሩ ባዕድ አልሆነብንም።

የከበደን ስሙ ነው። ምንጩን የጠየቅን እንደሆነ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1916 እስከ 1924 አገሩን ይዘው የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች ቀምሰው በእንግሊዝኛ «ማን፥ ጉድ!» ስላሉ ነው ይሉናል፤ ጥሩነቱን ማድነቃቸው ነው አሉ። በአማርኛችንም ጉድ ነው! ፕላታኖ ቀቅሎ መደቆስ ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙት ሰዎች ይዘውት የሄዱት ሙያ ነው። ታዲያ ስንት ዘመን ሲደቁሱ የኖሩ ሴቶች ለገዛ ምግባቸው ስም ለማውጣት ወታደር እስኪመጣ ይጠብቁ ነበርን? ይህን ያልናቸው የሰፈሩ ወጣቶች ሳቁ፤ ተረቱን ግን አልተዉትም።