የአይሁድ የቀን አቆጣጠር እና የስቅለቱ ቀን ክርክር፦ በየትኛው ሚዛን እንመዝነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ሰሞኑን ከዐስር ሶላት በኋላ ወጣቶቻችን ደጋግመው የሚያነሱልን ጥያቄ አለ። ከክርስቲያን የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሲወያዩ "ወንጌሎቹ በስቅለቱ ቀን እንኳ አልተስማሙም፤ ስለዚህ ታሪኩ ውድቅ ነው" ይላሉ። የሚሰጣቸው መልስ ደግሞ "የአይሁድን የቀን አቆጣጠር ስለማታውቁ ነው" የሚል ነው። ማን ነው ትክክል?

አቆጣጠሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአይሁድ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። እኛም የጁሙዓ ሌሊት የምንለው የሐሙስን ምሽት ነው፤ ተራዊሕም ከመጀመሪያው የረመዳን ጾም ይቀድማል። ወራቸውም በጨረቃ ነው። በጥንቱ ዘመን አዲሷን ጨረቃ ያዩ ምስክሮች ቀርበው ቃል ሲሰጡ ነበር ወሩ የሚታወጀው፤ በስሌት የተወሰነው የአሁኑ አቆጣጠራቸው ኋላ የመጣ ነው። ወቅቱ እንዳይዛነፍ በአንዳንድ ዓመት አሥራ ሦስተኛ ወር በመጨመራቸው ግን ከእኛ ይለያሉ። የወራት ቁጥር አሥራ ሁለት መሆኑን ሱረቱ ተውባ 36 ላይ እናገኛለን።

ሰዓቱማ ለአማርኛ ተናጋሪ ይበልጥ ቀላል ነው። ፈረንጅ "ሦስተኛው ሰዓት" የሚለውን ሲያነብ ወደ ዘጠኝ መመንዘር አለበት፤ እኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ብለን እናልፋለን።

አሁን ወደ ችግሩ እንግባ። የፋሲካው በግ የሚታረደው ኒሳን 14 ከሰዓት በኋላ ነው፤ የሚበላው ደግሞ ፀሐይ ጠልቃ 15 በገባበት ሌሊት ነው። ማርቆስ 14፥12 የመጨረሻውን ራት በጉ ከታረደ በኋላ የተበላ የፋሲካ ራት ያደርገዋል፤ እንዲህ ከሆነ ስቅለቱ በ15 ይውላል። ዮሐንስ 18፥28 ግን በማግስቱ ጠዋት ከሳሾቹ ፋሲካን ገና እንዳልበሉ፣ እንዳይረክሱ ብለውም ወደ ጲላጦስ ግቢ እንዳልገቡ ይናገራል። ይህ 14 ነው። "ቀኑ ከምሽት ይጀምራል" የሚለው መልስ እዚህ ላይ ብቻውን አይረዳም። የሐሙስ ምሽቱ ራትና የዓርብ ስቅለቱ በአይሁድ አቆጣጠር አንድ ቀን ናቸው፤ ያ አንድ ቀን ግን ለአንዱ 14 ነው፣ ለሌላው 15።

ዑለማዎቻችን ሁለት ዘገባ ሲጋጭባቸው በመጀመሪያ ጀምዕ ይሞክራሉ፣ ማለትም ያስታርቃሉ፤ ካልተቻለ ወደ ተርጂሕ ይሄዳሉ። የክርስቲያን ምሁራንም ያንኑ ሞክረዋል። ገሊላውያን ቀንን ከንጋት፣ የይሁዳ ሰዎች ከምሽት ይቆጥሩ ነበር ያሉ አሉ። አኒ ዦቤር የተባለችው ፈረንሳዊት ምሁር በ1957 እ.አ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ደግሞ ራቱ ማክሰኞ ምሽት የተበላው በሌላ አቆጣጠር ነው አለች፤ ዓመቱ 364 ቀን፣ ልክ 52 ሳምንት በሆነበት አቆጣጠር። ይህን አቆጣጠር የያዙት መጽሐፈ ኩፋሌና መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆነው የቆዩት በእኛው አገር በግዕዝ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ዓመቱን በተመለከተ ጲላጦስ የገዛው ከ26 እስከ 36 እ.አ.አ. ነው። በዚያ ውስጥ በሥነ ፈለክ ስሌት ኒሳን 14 ዓርብ ላይ ይውላል ተብለው በብዛት የሚጠቀሱት ሚያዝያ 7 ቀን 30 እና ሚያዝያ 3 ቀን 33 እ.አ.አ. ናቸው፣ በሮማውያኑ የዩልዮስ አቆጣጠር። ሃምፍሪስና ዋዲንግተን በ1983 ኔቸር መጽሔት ላይ ሁለተኛውን የመረጡት በዚያ ምሽት የጨረቃ ግርዶሽ ስለነበረ ነው።

የሰዓቱ ጉዳይ ይበልጥ ከባድ ነው። በማርቆስ 15፥25 ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ተሰቅሏል፤ በዮሐንስ 19፥14 ስድስት ሰዓት ገደማ ገና ጲላጦስ ፊት ነው። "ዮሐንስ በሮማውያን ከእኩለ ሌሊት ነው የቆጠረው" ይላሉ። ሮማውያን ግን የቀን ሰዓታቸውን የሚቆጥሩት ከፀሐይ መውጫ ነበር። ራሱ ዮሐንስ 11፥9 ቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው ይላል። "ገደማ" ማለቱንና በዚያ ዘመን ሰው ሰዓት በእጁ አለማሰሩን ለፍትሕ ስንል እናስብ፤ ግን ሦስት ሰዓት ያህል ልዩነት ነው።

"ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት" (ማቴዎስ 12፥40) የሚለው ሙግት ግን በእኛ አስተያየት ደካማ ነው። ሸይኽ አሕመድ ዲዳት (ረሒመሁላህ) በሰፊው ያሰራጩት ስለሆነ ብዙ ወጣት ይወደዋል። በአይሁድ ልማድ ግን የቀን ቁራጭ እንደ ሙሉ ይቆጠራል፤ አስቴር ሦስት ቀን፣ ሌሊትም ቀንም ጹሙ ብላ ስታበቃ በሦስተኛው ቀን ንጉሡ ዘንድ ገብታለች። ይህን የሚያውቅ ክርስቲያን ፊት ሙግቱን ይዞ መቅረብ ጠንካራውን ነጥብም ያስጥላል።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበን ሌላ ነው። "ቀኑ አልተስማማም፣ ስለዚህ ነገሩ አልሆነም" የሚለውን ድንጋይ የወረወረ ሰው ወደ ራሱ ሲመለስ ምን ይላል? በሐጀቱል ወዳዕ ዐረፋ ዙልሒጃ 9 ጁሙዓ ነበር። ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ) ያረፉት በረቢዐል አወል ሰኞ ቀን ነው፤ የታወቀው ቀን ደግሞ 12 ነው። ሦስቱን ወራት በ29ም በ30ም እያፈራረቃችሁ ቁጠሩ፤ 12ኛው ቀን ሰኞ አይውልም። ይህን ያነሳው ጠላት ሳይሆን ኢማም ሱሀይሊ ናቸው። ኢብኑ ከሢር የመካና የመዲና ጨረቃ እይታ ተለያይቶ ይሆናል ብለው መልሰዋል፤ ሌሎች ሌላ ቀን መርጠዋል። በዚህ የተነሳ የነቢዩን (ሶ.ዐ.ወ) ማረፍ የካደ አለን? ለራሳችን "እይታ ይለያያል" ብለን ለገሊላና ለይሁዳ ስንሆን የምንስቅ ከሆነ፣ ሰዎችን መጥላት ከፍትሕ እንዳያወጣን ሱረቱል ማኢዳ 8 ላይ የታዘዝነው የት ሄደ?

ስለ ዒሳ (ዐለይሂ ሰላም) ያለን እምነት ከኒሳን 14 ወይም 15 አልመጣም። ሱረቱ ኒሳእ 157 እንዳልገደሉትና እንዳልሰቀሉት፣ ነገሩ ግን እንደተመሰለባቸው ይነግረናል። ኢብኑ ከሢር ከኢብኑ ዐባስ (ረዲየላሁ ዐንሁማ) በጠቀሱት ዘገባ ከባልደረቦቹ አንድ ወጣት የዒሳ መልክ ተደርጎበት በእርሱ ፈንታ ተሰቅሏል። በዚህ ትርጓሜ ያን ቀን ኢየሩሳሌም ውስጥ የተሰቀለ ሰው ነበር፤ የምንለያየው በማንነቱ ላይ ነው። ወጣቶቻችን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲቀመጡ ውይይቱን ከዚህ እንዲጀምሩ እንመክራለን።

ወላሁ አዕለም።