የስልቻ ሐፍረት

ለንስሐ አባቴ ያልነገርኋቸው ነገር አለኝ። ቢሰሙት የሚስቁ ይመስለኛል፤ ነገሩ የፌስታል ጉዳይ ነውና።

ሰቆጣ ውስጥ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼና ለወላጆቻቸው በከፈትሁት የቴሌግራም ቻናል፣ ሰው ሲገዛና ሲጠቀም አካባቢውን እንዳይጎዳ የሚመክሩ አጫጭር ቪዲዮዎችን እለቃለሁ። ሦስት ጉልቻውን ትታችሁ የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ በሚቀንሰው ምርጥ ምድጃ ጋግሩ እላለሁ፤ የተበላሸ ዕቃ ከመጣላችሁ በፊት አስጠግኑ እላለሁ። ብዙ ሰው ያየልኝ ግን የፍየሏን ነው። አካባቢያችን ዋግ ኽምራ የፍየል አገር ነው፤ የአበርገሌን ፍየል የማያውቅ የለም። ፍየል የጣልነውን ፌስታል ከዋጠች አይፈጭላትም፣ አይወጣላትም። ሆዷ ውስጥ እየተጠቀለለ ይከማችና የጠገበች ያስመስላታል፤ እሷ ግን እየከሳች ትሞታለች። ይህን ስናገር ድምፄ ሰበር ይላል። ሆን ብዬ ነው፤ ደጋግሜ ቀርጬዋለሁ።

ያንን ቪዲዮ በለቀቅሁ ሰሞን ገበያ ወርጄ ሽንኩርቱንም ምስሩንም በፌስታል ይዤ ተመለስሁ። መያዣ ጠፍቶ አይደለም። እናቴ ከገጠር እህል የላከችበት ስልቻ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ ከለፋ የፍየል ቆዳ የተሠራ፣ ስንት ክረምት ያለፈበት ጠንካራ ዕቃ ነው። እሱን በትከሻዬ ጣል አድርጌ በአስፋልቱ ማለፍ ግን አቃተኝ። ተማሪዎቼ ያዩኛል፤ ባላገር እመስላለሁ።

ይህን ሐፍረት በቃል ያስተማረኝ የለም። ለትምህርት ከተማ ስገባ ግን ስልቻ የያዘው ከገጠር የመጣው፣ ፌስታል ያንጠለጠለው የከተማው መሆኑን ሳይነገረኝ ለየሁ። ፌስታሏን አጥባ አጣጥፋ የምታስቀምጥ ሴት አውቃለሁ፤ ስስት ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ክብሯ ነው። ቋንቋዬም ከዚሁ ሐፍረት አላመለጠም። ከእናቴ ጋር የማወራው በኽምጣና ነው፤ በቪዲዮዎቼ ግን አንዲት የኽምጣና ቃል አልተነፈስሁም። ለአካባቢዬ ሰዎች የሠራሁትን ትምህርት፣ ያንኑ የአካባቢዬን ሰው ላለመምሰል እየተጠነቀቅሁ ነው የሠራሁት።

ከዚህ የባሰም አለ። የዚህች ከተማ ስም ያረፈው በሰቆጣ ቃል ኪዳን ላይ ነው፤ መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. የሕፃናትን መቀንጨር አስቆማለሁ ብሎ በገባው ቃል ላይ። እኔ እዚችው ከተማ ተቀምጬ «ፍጆታችሁን ቀንሱ» የሚል ጽሑፍ በአረንጓዴ ቀለም አስውቤ ለቅቄአለሁ። ማን ነው የሚቀንሰው? ቻናሌን የሚከፍተው ዳታ መግዛት የቻለ ሰው ነው። ደህና ስልኩን በአዲስ የሚቀይረው፣ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚገዛውም እሱ ነው፤ እኔም ጭምር። ስለዚህ መልእክቱ ባለቤቱን አላጣም ነበር። በመጨረሻው ላይ ግን «ለእናቶቻችን አስተላልፉላቸው» የምትል ሐረግ እጨምርበታለሁ። ጥፋቱን ምንም ወደማይጥሉት እናቶች የምልክባት ሐረግ ናት።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ትምህርቱ ተስተጓጎለ ብዬ ለባልደረቦቼ አማርሬአለሁ። የቆጨኝ ትምህርቱ አልነበረም። ስንት ሰው እንዳየኝ መቁጠር ስለቀረብኝ ነበር። በፍየሏ ስም የምሰበስበውን «መምህርዬ ኑርልን» ነበር የናፈቅሁት።

ስስ ፌስታልማ በአዋጅ ከተከለከለ ቆይቷል፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የማከብረው ባልሆንም። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው አንዴ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል በጠቅላላ የሚያግድ ሕግ ሲያጸድቅ ግን እፎይ አልሁ። እፎይታው ለምድሪቱ አልነበረም። ሁሉም ከተከለከለ ስልቻ መያዝ ሕግ ማክበር ይባላል፣ ባላገርነት መሆኑ ይቀራል ብዬ አሰብሁ። ሐፍረቴን መንግሥት እንዲያነሣልኝ ነበር የጠበቅሁት።

አሁን ስልቻዬን ይዤ፣ በኽምጣና እየተናገርሁ፣ ገበያ መሐል የምቀረጸው ቪዲዮ በሐሳቤ ተዘጋጅቷል። የት እንደምቆም፣ ፀሐዩ ከየት እንደሚመጣ ሳይቀር አውቄዋለሁ። ያለ ካሜራ ሄጄ ምስር ገዝቼ መመለስን ግን ገና አላሰብሁትም።