ተገልባጯ ላፕቶፕ በፈረቃው ሰሞን

የ2011 ዓ.ም. የመብራት ፈረቃ የመጣው ለሒሳብ ሠራተኛ በማይመች ጊዜ ነበር። ግንቦት ላይ የግድቦች ውሃ፣ በተለይም የግልገል ጊቤ ሦስት፣ በመቀነሱ 476 ሜጋዋት ጉድለት እንደተፈጠረ ተነገረን፤ ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚሸጠው ኃይል እንኳ ተቋረጠ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ደግሞ ነጋዴው ግብሩን ማስታወቅ ይጀምራል። እኔ ያኔ መርካቶ ውስጥ ለተለያዩ ሱቆች ሒሳብ እሠራ ነበር። ሰነዱን በፌስታል ተሸክሜ ቤት እወስድና በዴስክቶፕ እመዘግባለሁ። የሰፈራችን ተራ ሲደርስ ግን ዩፒኤሱ ጥቂት ይጮህና ፋይሌን አስቀምጬ ሳልጨርስ ዝም ይላል።

መገናኛ ወርጄ ያገለገሉ ላፕቶፖች የሚሸጥ ልጅ ጋ ገባሁ። የፈለግኩት ባትሪ የሚይዝ፣ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የሚያስነሳና ርካሽ የሆነ ነገር ነው። ልጁ አንዲት ትንሽ ሌኖቮ ዮጋ 11ኢ አነሳና ክዳኗን ወደ ኋላ መለጠጥ ጀመረ። ለጠጠ፣ ለጠጠ፣ አላቆመም።

«ኧረ ሰበርካት!»

«አትደንግጪ እህቴ፣ አሠራሯ ነው» ብሎ ስክሪኗንና ኪቦርዷን ጀርባ ለጀርባ አጋጥሞ ታብሌት አድርጎ ሰጠኝ።

ይህች ሞዴል በ2014 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ቤቶች ተብላ የወጣች ናት። ለዚያ ነው የስክሪኗ ዙሪያ በጎማ የተከበበው፤ ተማሪ መጣሉ አይቀርማ። ክዳኗ ላይ የንብረት ቁጥር ተለጥፎበት የነበረው ቦታ ሙጫው እስካሁን አልለቀቀም። ስክሪኗ 11.6 ኢንች፣ ራሟ 4 ጊጋባይት፣ ፕሮሰሰሯ ሴሌሮን ነው። ሃርድ ዲስኳን አስወጥቼ ኤስኤስዲ አስገባሁባት፤ ሁሉም ተደምሮ አሥር ሺህ ብር አልሞላም። ለዚህ ሥራ ገንዘብ የሚወጣበት ቦታ ኤስኤስዲው ነው፤ ዊንዶውስ እስኪነሳ ቡና ማዘዝ ቀረ።

ከደንበኞቼ አንዱ ከአንዋር መስጊድ ብዙም የማይርቅ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ነበሩ። ሱቃቸው ውስጥ ጣቃ ያልተደረደረበት ቦታ ቢኖር እሳቸው የሚቀመጡባት በርጩማ ብቻ ናት። ባንኮኒው ላይ ሜትሩ፣ መቀሱ፣ ካሽ ሬጅስተሩና የሻይ ብርጭቆው ተጨናንቀዋል። እኔ ጥግ ላይ ላፕቶፗን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ዜድ ሪፖርቱን፣ ማለትም የካሽ ሬጅስተሩን የዕለት ሽያጭ ድምር፣ በቀን በቀኑ እየለየሁ አስገባለሁ። መብራት ሲሄድ ሰፈሩ በጄኔሬተር ጩኸት ይሞላል፤ እኔ ቀና ሳልል እቀጥላለሁ። ሙሉ ቻርጅ ከሆነች ስድስት ሰዓት ያህል ታሠራኛለች።

ሐጂ ከዚያ በፊት የራሳቸውን ሒሳብ አይተው አያውቁም። ስሰጣቸው «አንቺ ካልሽው ይሁን» ብለው ይፈርማሉ፤ የዱቤውን ነገር ደግሞ በኪሳቸው በሚይዟት ደብተር ነው የሚከታተሉት። አንድ ቀን የዱቤ ሪፖርቱን ፒዲኤፍ አድርጌ አወጣሁና ላፕቶፗን ገልብጬ በእጃቸው ሰጠኋቸው። የፒችትሪ ቁልፎች ለማውስ የተሠሩ ደቃቅ ናቸው፣ በጣት አይሆኑም፤ ፒዲኤፍ ግን በሁለት ጣት ሲለጥጡት ይጎላል። ሐጂ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ስሞቹን አንድ በአንድ ወረዱ። አንዱ ስም ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ይሄ ሰውዬ ይሄን ሁሉ ይዞብኛል?»

«አዎ ሐጂ፣ ከጥር ጀምሮ ነው።»

«ዛሬም እኮ እዚሁ ሻይ ጠጥቶ ነው የሄደው!»

ከዚያ ወዲያ ገና ስገባ «እስቲ ገልብጠሽ አምጪያት» ይሉኝ ጀመር።

ሰኔ 15 ባለሥልጣናት ከተገደሉ በኋላ ኢንተርኔት ለቀናት ተቋረጠ። ሥራቸው ኦንላይን የሆነ ጓደኞቼ እጃቸውን አጣምረው ሲቀመጡ፣ ፒችትሪ ግን ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ሁሉም ነገር እዚያችው ዲስክ ላይ ነበር። በየማታው በፍላሽ መገልበጥ ብቻ ነው።

ማታ ማታ ላፕቶፗ የእህቴ ልጆች ናት። መብራት በሌለበት ሳሎን፣ በድንኳን ቅርጽ ጠረጴዛ ላይ ያቆሟትና ፕላንትስ ቨርሰስ ዞምቢስን ይከፍታሉ። ይህ የ2009 እ.ኤ.አ. ጨዋታ ከግራፊክስ ብዙ አይጠይቅም፤ ሁሉም ነገር በመንካት የሚሆን ስለሆነ ኪቦርዱ ከኋላ መታጠፉ ለውጥ የለውም። ከላይ የምትወርደውን ፀሐይ ለመልቀም ሁለቱ ይሽቀዳደማሉ፤ ጠዋት ስክሪኑን ሳልወለውል ቁጥር አይነበብም። የኔ ጨዋታ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለት ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1999ኙ። እሱን በጣት መጫወት አይሞከርም፣ ማውስ ይፈልጋል፤ ግን ጦሩ እስኪበዛ ድረስ ያለ ምንም መንተባተብ ይሄዳል። የጎረቤት ልጅ አዲስ ፊፋ በፍላሽ ይዞ መጥቶ ነበር። እንዲህ ባለች ማሽን ግራፊክሱ ለብቻው ሜሞሪ የለውም፣ ከዚያችው 4 ጊጋ ላይ ነው የሚበደረው፤ ስለዚህ ፊፋው አልተነሳም፣ እኛም አላዘንም። ጨዋታ ባትሪውን ከፒችትሪ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚበላ ሕግ አወጣሁ፦ 30 ከመቶ ሲደርስ ጨዋታ ያበቃል፣ የቀረው የሐጂ ነው።

ዛሬ እንዲህ ያለችውን ልግዛ ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ዊንዶውስ 11 የእሷን ዘመን ሴሌሮን አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ የደንበኞቼን ሒሳብ ወደ ሌላ ማሽን አዛውሬያለሁ። ሌላ ተገልባጭ ልትገዙ ከሄዳችሁ ግን ማጠፊያውን ደጋግማችሁ ገልብጡ፣ ላላ ካለ ተዉት። ዊንዶውስ የሚያወጣውን የባትሪ ሪፖርትም አስከፍቱ፤ ሲመረት የነበረውና አሁን የቀረው አቅም ጎን ለጎን ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ሐጂን ማንበብ ማስለመዴ ግን እኔንም ሳይነካኝ አልቀረም። በዓመቱ ክፍያዬ እንዲጨመርልኝ ጠየቅኳቸው። «አምጪያት እስቲ» አሉና ገልብጠው ያዟት። የወጪውን ገጽ በጣታቸው እየገፉ ወርደው አንዷን መስመር አጎሏት።

«ይሄ አንቺ ነሽ አይደል?»

«ነኝ።»

«ካምናው በልጦ የለም እንዴ?»

በልጦ ነበር። ያን ዓመት አልጨመሩልኝም።