የጓንግ ዓሣና የጭልጋ ዝናብ

መተማ ዮሐንስ፣ ሐሙስ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

እሑድ ዓሣ ለማጥመድ ጓንግ ልንወርድ ተስማምተናል፤ እኔ፣ አጎቴና ሁለት የሰፈር ልጆች። የባሕር ዳርቻ ሰው ከማጥመዱ በፊት ማዕበልና ነፋስ ያያል፤ እኛ የምናየው የወንዙን ውኃ ነው። ጓንግ በበጋ ተቆራርጦ በየጥልቁ ስለሚታቆር አምባዛውም ቀረሶውም እዚያው ተፋፍጎ ይከርማል። ኩሬው እየጠበበ ሄዶ ግንቦት ሲያልቅ መረብ ለጣለ ሰው ይቀናዋል። ክፋቱ፣ ክረምቱም የሚገባው በዚያው ሰሞን ነው።

ዛሬ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ሙቀቱ ጥላ ሥር እንኳ አያስቀምጥም።

ዓርብ ግንቦት 22

አጎቴ ስልኬ ላይ ትንበያ ስፈልግ አይቶ ሳቀ። «የመተማን ሰማይ ምን ያደርግልሃል? አይከል ደውል እንጂ!»

እውነቱን ነው። ጓንግ የሚነሣው አይከል ካለችበት ከጭልጋ ደጋ ነው። እዚያ ማታ የጣለው፣ እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። መተማ ላይ የሚዘንበው የሚያበላሸው መንገዱን ነው፤ ዋልካው ከራሰ ባጃጅም ሞተርም አይወጣም። ጭልጋ ላይ የሚዘንበው ግን ሰው ይወስዳል።

ሱዳን ሲገባ ይኸው ጓንግ አትባራ ይባላል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1853 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ከደረቀው አትባራ ዳር ሰፍሮ ሳለ፣ ሌሊት የሩቅ ነጎድጓድ የሚመስል ድምፅ ሰማ። ሰዎቹ «ወንዙ መጣ!» እያሉ አሸዋው ላይ የተኙትን ቀሰቀሱ። ሲነጋ፣ ማታ አሸዋ የነበረው ቦታ ከ400 ሜትር በላይ የሚሰፋ ወንዝ ሆኗል። እነሱ ዘንድ አልዘነበም፤ የዘነበው እኛ ደጋ ላይ ነው።

ቅዳሜ ግንቦት 23

አይከል ያለችው አክስቴ ዘንድ ደወልሁ።

«እትዬ፣ እንዴት አመሻችሁ? ዝናቡ እንዴት ነው?»

«ከቀትር ጀምሮ ሲያወርደው ነው የዋለው። ምነው፣ የት ልትሄድ ነው?»

«ጓንግ፣ ለዓሣ።»

«አርፈህ ተቀመጥ!»

አጎቴ ወደ ሽንፋ ወንዝ ሊሄድ ዳድቶት ነበር፤ የሽንፋ ውኃ የሚመጣው ከሌላ ደጋ ነው። እዚያ የሚደወልለት ዘመድ ግን የለንም። ቀረ።

እሑድ ግንቦት 24

ጓንግ ዳር ለሰሊጥ መሬት የሚመነጥሩ ሳሉጎች (የወቅት ሠራተኞች) ዘንድ ተደወለ። ወንዙ ሌሊት መጥቷል፤ ያሰብነው ኩሬ ደፍርሶ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል።

ቡና ላይ የተነሣው ወሬ ስለ ሽንፋ ነበር። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጆን ካፕልማን የሚመሩት የተመራማሪዎች ቡድን «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ሽንፋ ወንዝ ጥንታዊ ሰፈር ጽፏል። የዛሬ 74 ሺህ ዓመት ገደማ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቶባ የሚባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የተነሣው አመድ ደቃቅ ስብርባሪ እዚሁ ቆላ ተገኝቷል። ከፍንዳታው በኋላ በጋው ሲከፋ፣ በሰፈሩ ቅሪት ውስጥ የዓሣው አጥንት ይበዛል። ወንዙ ሲቆራረጥ ሰዎቹ ኩሬውን እየተከተሉ ዓሣ በልተው ከረሙ ማለት ነው፤ ፍላጻ ሳይኖራቸውም አይቀርም፣ ትንንሽ የድንጋይ ጫፎች ተገኝተዋል። አጎቴ ይህን ሰምቶ ያለው «እነሱስ አይከል ማን ነበራቸው?» ብቻ ነው።

ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልበል። ትንበያ የሚነገረን በዞንና በከተማ ነው። ጭልጋ ማዕከላዊ ጎንደር፣ መተማ ምዕራብ ጎንደር፤ ወንዙ ግን አንድ ነው። የላይኛውን ዝናብ ለታችኛው ሰው በወንዙ ስም የሚነግር ቢኖር፣ ከዓሣ አጥማጁ ይልቅ ከብት የሚያሻግረው እረኛና አሸዋው ላይ የሚያድረው ሳሉግ ይጠቀሙ ነበር።

የእኛ ጉዞ ውኃው እስኪጠራ ለኅዳር ተዛውሯል። አብሮን መውረድ የሚፈልግ ካለ መረቡን ራሱ ይያዝ።