ሞገዱ እንዳይቆረጥ

የመመረቂያ ፕሮጀክቴ የሞተር መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ለሞተሩ የሳይን ሞገድ እየሰጡ ወዲያና ወዲህ ማመላለስ። «ሳይን ማስላት ምን ያስቸግራል?» ያለኝ ጓደኛም አለ። ያስቸግራል እንጂ! ባለ 8 ቢት ማይክሮኮንትሮለር በሰከንድ 10,000 ጊዜ ሳይን ላስላ ካለ ለሌላ ሥራ ጊዜ አይተርፈውም። ስለዚህ የአንድ ሙሉ ዑደት 256 ዋጋዎችን አስቀድሜ አስልቼ በሰንጠረዥ አስቀመጥኩ። ባለ 32 ቢት ቆጣሪ በሰከንድ 10,000 ጊዜ ቁጥር ይደመርበታል፤ የላይኞቹ 8 ቢቶች ከሰንጠረዡ የትኛው ዋጋ እንደሚነበብ ያመለክታሉ። ለ1 ኸርዝ የሚደመረው 429,497 ነው፤ ለ2 ኸርዝ እጥፉ ገደማ።

ቁም ነገሩ ያለው ፍሪኩዌንሲ ሲቀየር ነው። ቆጣሪው ወደ ዜሮ ከተመለሰ ሞገዱ መሀል ላይ ይቆረጣል። ስክሪን ላይ ስናየው ትንሽ መስመር ናት፤ ሞተሩ ላይ ግን ጥርስ የሚበላና ብሎን የሚያላላ ምት ይሆናል። ቆጣሪውን ሳንነካ የሚደመረውን ቁጥር ብቻ፣ እሱንም ቀስ በቀስ ብንቀይር፣ ሞገዱ ከደረሰበት ይቀጥላል፤ ሞተሩም አይደነግጥም።

እንግዲህ ከእኛ በኋላ የምትመጡ ተማሪዎች፣ ሞተሩን ወዴት እንደሚሄድ ከማዘዛችሁ በፊት የት እንደደረሰ ጠይቁት።