የባለ ሩኽሳው ቦታ



በልጅነታችን መድረሳ ውስጥ ፊቅህ ስንቀራ ኡስታዞቻችን ደጋግመው ካስጨበጡን ነገሮች አንዱ ሩኽሳ ነው። መንገደኛ ሶላቱን ያሳጥራል፤ በሽተኛ በረመዳን ያፈጥራል፤ መቆም ያቃተው ተቀምጦ፣ መቀመጥም ያቃተው ተጋድሞ ይሰግዳል። ሩኽሳ ለባለ ችግሩ የተሰጠ የአላህ (ሱ.ወ) እዝነት ነው። ጤነኛው «እኔም ደክሞኛል» ብሎ ቢወስደው ግን እዝነቱን መቀለጃ ማድረግ ይሆናል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የማናስተውለው ነገር ቢኖር ይኸው ሥርዓት ከመስጊድ በር ውጭም፣ መኪና እስከምናቆምበት ቦታ ድረስ የሚከተለን መሆኑን ነው።

በብዙ አገሮች አካል ጉዳተኛ አሽከርካሪዎች የተለየ የማቆሚያ ፈቃድ አላቸው። በእንግሊዝ አገር ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በ1971 በብርቱካንማ ካርድ ተጀምሮ ዛሬ በሰማያዊ ካርድ ይሠራበታል። ካርዱ የሚሰጠው ለሰውየው እንጂ ለመኪናው አይደለም። ባለ ካርዱ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ ልጁ ወይም ወንድሙ ካርዱን ሰቅሎ ለራሱ ጉዳይ ቢጠቀምበት በሕግ ያስቀጣዋል። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን የአካል ጉዳተኞች ሕግ ተከትሎ ለሕዝብ አገልግሎት በሚውሉ ሥፍራዎች የተለየ ማቆሚያ እንዲኖር ተደንግጓል። በዚያ ማቆሚያ ከመኪናው ጎን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያለው ቦታ በቀለም ተሰምሮ ባዶውን ይተዋል። ያልገባው ሰው የባከነ ቦታ ይመስለዋል። ነገር ግን በሩ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው፣ ተሽከርካሪ ወንበሩም ከመኪና ወርዶ የሚዘረጋው በዚያች ባዶ ቦታ ላይ ነው። እርሷ ከተያዘች ሰውየው መኪናው ውስጥ እንደታሰረ ይቀራል።

ይህ ነገር ከውጭ አገር የመጣ ሥልጣኔ ብቻ እንዳይመስለን! በመሰናበቻው ሐጅ የምእመናን እናት ሰውዳ ቢንት ዘምዓ (ረ.ዐ) ሰውነታቸው ከባድ፣ እርምጃቸውም ዝግ ያለ ስለነበር፣ ሕዝቡ ከመጋፋቱ በፊት ከሙዝደሊፋ ቀድመው ለመውጣት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ፈቃድ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እርሳቸውም ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ይወዱ እንደነበር መናገራቸው በቡኻሪ ዘገባ ይገኛል። ያልጠየቁት ዓኢሻ (ረ.ዐ) በሰውዳ ፈቃድ አልወጡም። ፈቃድ የባለቤቱ ነውና። እናታችን ኡሙ ሰለማም (ረ.ዐ) በታመሙ ጊዜ ከሰዎች ኋላ ሆነው በእንስሳ ላይ ተቀምጠው ጠዋፍ እንዲያደርጉ ታዘዋል። ዛሬም ሐጅና ዑምራ ያደረገ ሰው በሶፋና በመርዋ መካከል ለተሽከርካሪ ወንበር ተብሎ የተለየውን የመኻል መተላለፊያ ያውቀዋል።

ወደ ሠፈራችን ወደ ሳሪስ እንምጣ። የደብረ ዘይት መንገድ የከባድ መኪናና የሚኒባስ ግፊያ የማይለየው መንገድ ነው። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ሐዲዱ የመንገዱን መኻል ይዞታል፤ ከዚህኛው ወደዚያኛው ወገን ለመሻገር የተወሰነውን ማቋረጫ ፈልጎ መሄድ ያስፈልጋል። ለጤነኛ ሰው ይህ የጥቂት ደቂቃ እርምጃ ነው። በክራንች ለሚሄድ ሰው ግን «ማዶ አቁምና ተሻገር» ማለት «አትምጣ» ከማለት አይለይም።

በአካባቢያችን በልጅነታቸው ፖሊዮ እግራቸውን የጎዳቸው አንድ አባት አሉ። ፍሬኑም ነዳጁም በእጅ የሚታዘዝ መኪና ይነዳሉ። ለጁሙዓ ከአምስት ሰዓት በፊት ካልደረሱ በመስጊዱ በር አጠገብ ቦታ አያገኙም። አንድ ቀን እንደ ምንም ቦታ አግኝተው ካቆሙ በኋላ ሌላ መኪና ተጠግቷቸው ቆመና በራቸው አልከፈት አለ። ባለ መኪናው ሶላት ገብቷል፤ ማን ይጠራዋል? ኹጥባውን መኪናቸው ውስጥ ሆነው በድምፅ ማጉያ አዳመጡ። ሰዉ ሰግዶ ሲወጣ እርሳቸው ገና መሪያቸውን እንደያዙ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጁሙዓ ላይ አጣኋቸው። ልጠይቃቸው ቤታቸው ብሄድ፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ዑዝር አለኝ፤ ዙህርን እዚሁ እሰግዳለሁ» አሉኝ። ማንንም አልወቀሱም።

እውነታቸውን ነው፤ ዑዝር አላቸው። ለእርሳቸው ዑዝር የሆነው ግን ለእኛ ዑዝር አይሆነንም። እግራቸውን የጎዳው በሽታ ከአላህ የመጣ ፈተና ነው። ከጀመዓ ያስቀራቸው ግን በሽታው አይደለም፤ በሽታውንማ ይዘውት ስንት ዓመት ሰግደዋል። ያስቀራቸው የእኛ መኪና ነው።

ዓይነ ስውሩ ሶሐባ ዐብዱላህ ኢብን ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) በመስጊደ-ነበዊ አዛን ያደርጉ ነበር፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለጉዞ ሲወጡም መዲናን በአደራ የተረከቡበት ጊዜ አለ። በቤታቸው ለመስገድ ፈቃድ በጠየቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዛን ይሰሙ እንደሆነ ጠይቀዋቸው፣ እንደሚሰሙ ሲናገሩ ጥሪውን እንዲመልሱ ነግረዋቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው ከጀመዓ እንዲጎድል አልተፈለገም ማለት ነው። ታዲያ ጥሪውን በድምፅ ማጉያ እያሰማን መንገዱን በመኪና ብንዘጋ ምን ይባላል? እንቅፋትን ከመንገድ ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ልጆቻችን እንኳ ያውቁታል። እንቅፋት ሲባል ድንጋይና እሾህ ብቻ አይደለም፤ የእግረኛ መንገድ ላይ የወጣ መኪናም ለዓይነ ስውሩ፣ ለአሮጊቷና ልጅ ላዘለችው እናት እንቅፋት ነው።

አንዳንዱ «ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነው» ይላል። ያች አሥር ደቂቃ ግን ሁለቱ ረከዓዎች የሚሰገዱባት ናት። ሌላው ደግሞ «ሰውየውን አየሁት፤ ደህና ይራመዳል» ይላል። የልብና የሳንባ ሕመም ከውጭ አይታይም፤ ወንድማችንን ከመጠርጠር መልካም ማሰብ ይሻላል። ሦስተኛው «ታላቅ ወንድሜ አካል ጉዳተኛ ስለሆነ እኔም ልቁም» ይላል። ወንድሙ አብሮት ካለ ማለፊያ! ከሌለ ግን የሌላ ሰው አደራ እየበላ ነው።

በአገራችን ሕግም ጉዳዩ አልተረሳም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ይሁንና በየጁሙዓው በየመስጊዱ በር አዋጅ ይዞ የሚቆም ሰው አይኖርም። እዚያ የምንቆመው እኛው ነን።

ስለዚህ ለየመስጊዱ ኮሚቴዎች አንድ ቀላል ሐሳብ አለኝ። ከበሩ አጠገብ ሁለት ቦታ ይለይ። ለመኪናው ሁለት ሜትር ተኩል ያህል፣ ከጎኑም ባዶ የሚተው አንድ ሜትር ተኩል ተለክቶ ቀለም ይቀባ። መሬቱ የተስተካከለ፣ እስከ በሩም ደረጃ የሌለበት ይሁን። መኪና የሚያስቆሙት ወጣቶች ቦታውን ጁሙዓ እስኪያልቅ እንዲጠብቁ ይነገራቸው፤ ኢማሙም ከሶላት በፊት አንድ ቃል ይበሉበት። ወጪው ጥቂት ቀለምና የአንድ ቅዳሜ ጉልበት ነው። ጉልበቱን ከእኔ ተማሪዎች ማግኘት እንደማይቸግር አውቃለሁ። ወላጆችም መኪና ውስጥ ልጆቻችሁ እያዩአችሁ ያን ቦታ ባዶውን አልፋችሁ ራቅ ብላችሁ ብታቆሙ፣ እኔ በክፍል ውስጥ በአንድ ሳምንት ከማስተምራቸው የበለጠ ታስተምሯቸዋላችሁ። ወደ መስጊድ በእግር የሚረገጥ እርምጃ ሁሉ አጅር እንዳለው እናምን የለ? ራቅ ብሎ ያቆመ ሰው ምን ተጎዳ?

ቦታው ሲዘጋጅ እኚያን አባት ሄደን እንጥራቸው። ጥሪውን ይመልሳሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

አላህ (ሱ.ወ) የደካሞችን ሐቅ ከሚጠብቁት ባሮቹ ያድርገን። አሚን!