የበሬውን ዘፈን በሦስት ደቂቃ ጨርስ!

አዲስ አበባ ባህል ምግብ ቤት አምሽታችሁ የምታውቁ ልጆች የፕሮግራሙን ቅደም ተከተል በቃላችሁ ትሉታላችሁ። መጀመሪያ እስክስታው ይወርዳል። ከዚያ ትግርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ጉራግኛው (እዚህ ላይ ጫማውን ያላወለቀ ፈረንጅ የለም)፣ ወላይትኛው። ሰዓቱ ገፋ ሲል መብራቱ ደብዘዝ ይልና ቆዳ የለበሱ፣ ፊታቸውን በነጭ ቀለም ያዥጎረጎሩ ተወዛዋዦች እየዘለሉ ይገባሉ። የመድረክ መሪው ‹‹አሁን ደግሞ ወደ ደቡብ ኦሞ!›› ይላል። ከአሥር ደቂቃ በፊት ጥበብ ለብሳ ጎጃምኛ ስታስነካ የነበረችው ልጅ አሁን ሐመር ሆናለች። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ሽልማት ግንባር ላይ ይለጠፋል፣ ሂሳብ ይከፈላል።

ለመሆኑ ደቡብ ኦሞ ያ ብቻ ነው? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ሃና ድረስ የሄድኩት። ‹‹ለዚህ ብለህ?›› የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ለዚህ ብዬ።

ለብዙ ዘመን የደቡብ ኦሞ ዋና ከተማ የነበረችው ጂንካ ድረስ መንገዱ አይከፋም። ቅዳሜ ከደረሳችሁ ገበያው ራሱ ትርዒት ነው። የአሪ እናቶች ቡናና እንሰት ይዘው ከደጋው ይወርዳሉ፣ ከቆላው ሙርሲዎች ይመጣሉ፣ ከሱቆቹ በር ላይ ደግሞ የአማርኛ ዘፈን ይጮኻል። ከጂንካ ወዲያ ነው ጉዱ። ተራራውን ወርዶ በማጎ ፓርክ ማቋረጥ ነው። ሙቀቱ አንድ ነገር፣ የቆላ ዝንቡ ሌላ ነገር። ሹፌሩ ‹‹መስኮት ዝጉ!›› ሲል ሙቀት ይገድላችኋል፣ ‹‹ክፈቱ!›› ሲል ዝንቡ። እኔ ሙቀቱን መረጥኩ።

ሃና የሰላማጎ ወረዳ ከተማ ናት። ከተማ ስል ፒያሳን አታስቡ። ቆርቆሮ ቤቶች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ሻይ ቤት፣ ጠላና አረቄ፣ አቧራ። በወረዳው ቦዲ አለ፣ ሙርሲ አለ፣ ዲሜ አለ፣ ባጫ አለ፣ ሰፍሮ የመጣ ኮንሶ አለ። በጥር 2003 ዓ.ም. ጂንካ ላይ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን ይፋ የሆነው የኩራዝ ስኳር ፕሮጀክት ከመጣ ወዲህ ደግሞ ወላይታውም፣ ጎጃሜውም፣ የከምባታውም ልጅ ለሥራ ወርዷል። ስለዚህ የሃና ሻይ ቤት ‹‹ፕሮግራም›› ከአዲስ አበባው አይለይም፤ ወላይትኛ አለ፣ ጎንደርኛ አለ፣ ኦሮምኛ አለ። የሌለው የሃና ዘፈን ነው። እዚያው ደጃፍ ላይ የቆሙት ቦዲዎች ዘፈን በካሴትም በፍላሽም የለም።

ቦዲ የምንላቸው እኛ ነን። ራሳቸውን ‹‹ሜኤን›› ነው የሚሉት። ቋንቋቸው ከሙርሲዎቹ ጋር ይዛመዳል፣ ከሐመር ጋር ግን የሥጋ ዝምድና የለውም። ሐመርኛ ከአሪኛና ከዲምኛ ወገን ነው። እንግዲህ ‹‹ደቡብ ኦሞ›› ተብሎ በአንድ ዝላይ የሚጠቀለለው አገር አሥራ ስድስት ብሔረሰብ ያለበት ነው። ጉራግኛ እየጨፈሩ ‹‹ይህ ትግርኛ ነው›› እንደማለት ቁጠሩት፣ ከዚያም ይብሳል።

ታዲያ ቦዲ ምን ይዘፍናል? እዚህ ላይ ቁጭ በሉ። የእኛ ከተማ ዘፈን ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር ስለ ሴት ልጅ ነው፤ ዓይኗ፣ ጥርሷ፣ መሄዷ። የቦዲ ጎረምሳ የሚዘፍነው ለበሬው ነው። አትሳቁ! ልጁ ስም ሲወጣለት ከከብት መልክ አንድ ቀለም አብሮ ይሰጠዋል። ቡሬ ሊሆን ይችላል፣ ዳለቻ ሊሆን ይችላል፣ እኛ በአማርኛ ስም ያላገኘንለት ዝንጉርጉርም ይሆናል። ሲጎረምስ ያንኑ መልክ ያለው በሬ ይይዛል። ይንከባከበዋል፣ ያስጌጠዋል፣ በስሙ ይጠራል፣ ግጥም ያወጣለታል። በሬውን ማሞገስ ራሱን ማሞገስ ነው። ሙርሲዎችም እንዲሁ ናቸው።

‹‹ምን ዓይነት ጉድ ነው!›› ከማለታችሁ በፊት አያቶቻችሁን አስታውሱ። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው። እነዚህ ምንድን ናቸው? የፈረስ ስም! የፎከረ ሁሉ በፈረሱ ስም ነበር የሚፎክረው። እኛ ፈረሱን ትተን መኪና ስለገዛን ነው የቦዲው በሬ የሚገርመን። (በመኪናው ሞዴል የሚጠራ ጓደኛ የላችሁም? እኔ ሁለት አሉኝ።)

ወደ ሐመር ልመለስና፣ እሱም ቢሆን መድረክ ላይ ሲወጣ ሳያርፍበት የቀረ ሰው የለም። ‹‹ከቡስካ በስተጀርባ››ን ያነበበ ትውልድ ኢቫንጋዲን ያውቃል፤ ወጣቶች ማታ ተሰብስበው የሚጨፍሩት ነው። ምቱ ጭብጨባና እግር ነው። ወንዶቹ ቆመው ይዘላሉ፣ ልጃገረዷ ትመጣና የፈለገችውን ትመርጣለች። መራጯ እሷ ናት! በክሊፕና በባህል ምግብ ቤት ያየሁት ግን ተገላብጦ ነው። ወንዱ ያሳድዳል፣ እሷ ትሽኮረመማለች። ለምን? የከተማው ተመልካች የለመደው እሱን ስለሆነ። ጭፈራው ሐመርኛ፣ ጠባዩ የቦሌ። በኪቦርድ የተሞላውን ከበሮ እንኳ ይቅር ልንለው እንችላለን፣ የልጅቷን ምርጫ መቀማት ግን ቀላል ነገር አይመስለኝም። እህቶቼ፣ እናንተስ?

ጥፋቱን ሁሉ አዲስ አበባ ላይ አልለድፍም። ቱሪስቱም የራሱን ሠርቷል። በሙርሲ መንደር ፎቶ በነፍስ ወከፍ ይከፈላል፣ ስለዚህ ያልተለመደ ነገር ጭንቅላቱ ላይ የደረደረ ብዙ ይነሳል። ብልጠት ነው፣ አልፈርድም። የገበያ ሕግ ነው።

ከባዱ ሌላ ነው። አገዳው የተተከለበት መሬት ከብት የሚሰማራበት ነበር። ግልገል ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ኦሞ እንደ ድሮው ሞልቶ ዳርቻውን አያጥለቀልቅም፤ ውኃው ሲሸሽ የሚዘራው ማሽላም አብሮ ሸሽቷል። ማሽላ ሲጠፋ ከብት ይሸጣል። ከብት ሲሸጥ ዘፈኑስ? ሃና ያገኘሁት፣ ጂንካ የሚማር የቦዲ ልጅ ይህን ስጠይቀው ‹‹በሬ የሌለው ሰው በአባቱ በሬ ይዘፍናል፣ እያፈረ›› አለኝ።

የዚህን ልጅ ነገር ልንገራችሁ። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ ማለትም ኅዳር 29፣ ሲደርስ የተማሪ ቤቱ የባህል ክበብ ጠራው። ቆዳና የፊት ቀለም ተዘጋጅቷል። ‹‹ዝለል›› አሉት።

‹‹መዝለሉ የሐመር ነው፣ እኔ ቦዲ ነኝ›› አለ።

‹‹ተመልካቹ የሚያውቀው እሱን ነው፣ ምን ችግር አለው?››

ልጁ አልዘልም አለ። ደግነቱ አንዱ መምህር ሰው ሆኖ ተገኘና ‹‹እሺ የራስህን አሳየን›› አለው። ልጁ ለልምምድ ቆመና የበሬውን ዘፈን ጀመረ። መልኩን፣ ቀንዱን፣ አባቱ ከማን እንደተቀበለው፣ የት ውኃ እንደጠጣ፣ በየትኛው ድርቅ እንደተረፈ። ሩብ ሰዓት ሆነ። የክበቡ ኃላፊ ሰዓቱን እያየ ‹‹ወንድሜ፣ የያዝንልህ ሦስት ደቂቃ ነው፣ አሳጥረው›› አለ።

‹‹የቱን ልቁረጠው?›› አልኩ አለኝ፣ ‹‹ቀንዱን ልቁረጠው ወይስ እግሩን?››

በበዓሉ ቀን አልወጣም። በሦስቱ ደቂቃ ውስጥ ሌሎች ልጆች ዘለሉ፣ ጭብጨባውም ደመቀ አሉ። እሱ ማታ መኝታ ቤት መብራት ከጠፋ በኋላ ለክፍል ጓደኞቹ ሙሉውን ዘፈነላቸው። ሁለቱ አሪዎች፣ አንዱ የኮንሶ ልጅ ነው፣ ቃሉን አይሰሙም። ግን የኮንሶው ልጅ በማግሥቱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው አሉ፦ ‹‹በሬው አሁን አለ?››

አለ። ዳለቻ ነው። ሃና አጠገብ አሳይቶኛል፣ በሩቁ። ጠጋ ብዬ ፎቶ ላንሳ ስል ‹‹አይ፣ ስሙን ሳታውቅ አታንሳው›› አለኝ። ስሙን ነገረኝ፣ ሦስቴ ደጋግሜ ካልኩ በኋላ ነው የፈቀደልኝ።